የወሎን ማሾ በኮሜሳና በአፍሪካ ነፃ ንግድ በር ማስገባት፦ ደረጃ በደረጃ

ኅዳር ላይ ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ውስጥ ቆሜ ነበር። ሴቶቹ በሁለት ረድፍ ተቀምጠው ማሾ ይለቅማሉ። ሰፌዱን ከፍ ዝቅ አድርገው ገለባውን ያበርራሉ፤ ከዚያ ጠጠሩን፣ የተሰነጠቀውንና ነቀዝ የበሳውን በጣታቸው እየለዩ ወደ ጎን ይጥላሉ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት የመጋዘኑ ባለቤት፣ ሐጂ፣ አንድ እፍኝ አንሥተው መዳፋቸው ላይ አሳዩኝ፤ አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የቃሉ ወረዳ ቆላ ማሾ። «ልጄ፣ ሬዲዮው ኮሜሳ ይላል፣ የአፍሪካ ነፃ ንግድ ይላል። ለዚች እፍኝ ምን ይጨምርላታል?» አሉኝ።

የዚያን ቀን የመለስኩላቸው አጥጋቢ አልነበረም። ይህ መመሪያ ያኔ ልላቸው ይገባኝ የነበረው ነው። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ አገር የአንድ ቀጣና ማኅበር አባል መሆኗ ብቻውን ለማንም ነጋዴ ሳንቲም አይጨምርም። ጥቅሙን የሚያገኘው ዕቃው የት እንደበቀለ ወይም የት እንደተሠራ በወረቀት ማስመስከር የቻለ፣ ገዢው አገርም ያንን ወረቀት የሚቀበል መሆኑን አስቀድሞ ያጣራ ሰው ነው። ምሳሌዬ ማሾ ነው፤ ሽንብራ፣ ምስር፣ ማር፣ ፍየል ወይም የተሰፋ ልብስ ለያዘም መንገዱ አንድ ነው።

ደረጃ 1፦ ማን ምን እንደሚሰጥ መለየት

ስሞቹን ማምታታት የተለመደ ነው፤ ሲምታቱ ደግሞ ሰው የሌለ ጥቅም ሲጠብቅ ያለውን ያልፈዋል።

ከኢጋድ ልጀምር፤ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት ነው፣ ለእኛ ለወሎዎችም ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሲቋቋም በስሙ ውስጥ «ድርቅ» የሚል ቃል ነበረበት፤ ዓላማውም ድርቅንና የመሬት መራቆትን በጋራ መከላከል ነበር። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ ሰው፣ ኮረም በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችበት ጊዜ የሆነውን የሚያስታውስ፣ ያ ቃል ለምን እንደገባ ማስረዳት አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራው ሰፍቶ ስሙም አሁን ወዳለው ተለወጠ፤ ዋና መቀመጫው ጅቡቲ ነው። ኢጋድ የቀረጥ ቅናሽ አይሰጥም። ከኢጋድ ለነጋዴ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፦ ናይሮቢ አካባቢ ያለው የአየር ንብረት ማዕከሉ ለበልግም ለክረምትም ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ትንበያ ያወጣል። የወሎ ደጋ በልግ አብቃይ እንደመሆኑ፣ ገና ላልታጨደ እህል ውል ከመፈረም በፊት ያንን ትንበያ ማየት ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ኮሜሳ የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የተፈረመውን የቅድሚያ ንግድ ስምምነት ተክቶ በ1994 የቆመ፣ 21 አባላት ያሉት፣ መቀመጫውም ሉሳካ የሆነ ድርጅት ነው። ከአባላቱ ግን ነፃ የንግድ ቀጣናው ውስጥ ያልገቡ አሉ፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ነፃ ቀጣናው በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ከገቡት ዘጠኝ አገሮች መካከል ጅቡቲ፣ ሱዳን፣ ኬንያና ግብፅ ነበሩ። ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል ሆና ነፃ ቀጣናው ውስጥ ሳትገባ ቆይታለች። ስለዚህ «ኮሜሳ አባል ነን» ብሎ ማሾውን ጭኖ ጅቡቲ ኬላ ላይ ዜሮ ቀረጥ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። በኢትዮጵያ በኩል ያለው ለኮሜሳ አባላት ዕቃ የሚደረግ የ10 በመቶ የቀረጥ ቅናሽ ነው፤ በደረጃ 7 እመለስበታለሁ፣ ለአስመጪ ጥሩ ነገር ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ሌሎችም አሉ፤ ሶማሊያም እ.ኤ.አ. በ2024 ገብታለች። እኛን የሚመለከተን በአንድ ምክንያት ነው፦ አባላቱ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ አንድ ዓይነት ቀረጥ ይጥላሉ፤ ከ2022 ጀምሮም ረድፎቹ 0፣ 10፣ 25 እና 35 በመቶ ናቸው። ሞያሌን ሲሻገሩ የሚጠብቅዎ ይህ ነው።

አዲሱ በር የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ነው። መጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ ተፈረመ፣ ግንቦት 2019 ጸና፣ ንግዱ በጥር 2021 ተጀመረ። ጽሕፈት ቤቱ አክራ ነው። ከኤርትራ በቀር ሁሉም የአፍሪካ ኅብረት አባላት ፈርመውታል። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. አጽድቃ፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዚህ ሥርዓት የመጀመሪያ ዕቃዎቿን ልካለች። ለወሎ ላኪ ዛሬ ይበልጥ ተስፋ ያለው ይህኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ብሪክስን (ብራዚል፣ ሩሲያ፣ ህንድ፣ ቻይናና ሌሎችም ያሉበትን ስብስብ) የሚጠይቁኝም አሉ። አባል መሆናችን እውነት ነው፤ የቀረጥ ቅናሽ ስምምነት ግን አይደለም፤ ለዚህ ጉዳይ ይለፉት።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን በቁጥር ስሙ መጥራት

ጉምሩክ «ማሾ» የሚል ስም አያውቅም። ዓለም ሁሉ የሚግባባበት የታሪፍ ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሐዞች በየአገሩ አንድ ናቸው። ማሾ 0713.31፣ ሽንብራ 0713.20፣ ምስር 0713.40፣ የተፈጥሮ ማር 0409.00፣ ሰሊጥ 1207.40፣ በቁም ያለ በግ 0104.10፣ ፍየል 0104.20፣ ግመል 0106.13 ነው። የቀረጡ መጠን፣ ቅናሹ፣ የስሪት አገር ደንቡ (ዕቃው የየት አገር እንደሚባል የሚወስነው)፣ የሚጠየቀው የጤና ወረቀት፣ ሁሉም የሚፈለገው በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ሁሉ የተሳሳተ ነው።

የተከካ፣ የተቆላ ወይም የተፈጨ ከሆነ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ትራንዚተርዎን (የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽምልዎትን ወኪል) «የዚህ ዕቃ ቁጥር ስንት ነው?» ብለው ብቻ አይተውት፤ ዕቃውን በምን ሁኔታ እንደሚልኩት ይንገሩት፣ ናሙናም ያሳዩት።

ደረጃ 3፦ መድረሻው አገር ላይ ሒሳቡን መሥራት

የወሎ ማሾ ሲሸጥ የኖረው በአብዛኛው ወደ እስያ ነው። ህንድም ሆነች ኢንዶኔዥያ ከእነዚህ ማኅበራት ውጪ ናቸው፤ እዚያ ለሚሸጥ ጭነት የኮሜሳም የአህጉራዊው ቀጣናም ወረቀት አንዳች አይፈይድም። ይህን ሳይደብቁ መናገር ይገባል። ታዲያ አፍሪካ ውስጥ ማሾ ማን ይበላል? ኬንያ ይበላል። ንዴንጉ ይሉታል፤ ወጥ ሠርተው በሩዝ ወይም በቻፓቲ ይበሉታል፣ ከዕለት ምግባቸው አንዱ ነው። እኛ አገር ማሾ ለገበያ የሚዘራ እንጂ ከገበታችን እምብዛም የማይታይ ስለሆነ፣ ጎረቤቶቻችን ይህን ያህል እንደሚወዱት ብዙዎቻችን አናውቅም።

ሒሳቡን እንዲህ ይሥሩት። ጭነትዎ 10,000 ዶላር የሚያወጣ ነው እንበል። ዕቃው በመድረሻው አገር 25 በመቶ ረድፍ ላይ ከወደቀ ገዢው 2,500 ዶላር ቀረጥ ይከፍላል። በስምምነቱ ቀረጡ ግማሽ ከደረሰ 1,250 ይሆናል። ያ 1,250 ልዩነት የእርስዎ መደራደሪያ ነው፦ ገዢው ከሌላ ቦታ ከመግዛት ከእርስዎ ቢገዛ የሚያተርፈው። ከዚህ ላይ ትራንስፖርቱን ይቀንሱ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ደግሞ 770 ያህል። የመኪናው ኪራይ ልዩነቱን ከበላው ቅናሹ በወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማጣራት ግድ ነው። አንደኛ፣ ገዢው አገር ስምምነቱን ፈርሞ ብቻ ሳይሆን የቀረጥ ቅናሹን በጉምሩኩ ሥራ ላይ አውሎ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ዕቃዎ ከየትኛው ክፍል እንደወደቀ። በአህጉራዊው ስምምነት በዕድገት ወደ ኋላ የቀሩ አገሮች 90 በመቶ ከሚሆኑት የዕቃ ዓይነቶች ላይ ቀረጡን በ10 ዓመት ውስጥ ያነሣሉ፤ 7 በመቶ የሚሆኑት «ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ» ተብለው 13 ዓመት ይሰጣቸዋል፤ 3 በመቶ የሚሆኑት ከነጭራሹ ይቀራሉ። በአንድ ጀንበር ዜሮ የሚሆን ነገር የለም፤ በየዓመቱ እየተሸረፈ ይሄዳል። የዘንድሮው መጠን ስንት እንደሆነ ከንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይጠይቁ፤ ገዢዎም በአገሩ ጉምሩክ እንዲያጣራና በጽሑፍ እንዲልክልዎ ያድርጉ። በቃል የመጣ መልስ ላይ ዋጋ አይቁረጡ።

ለአገርስ ምን ያደርጋል?

ይህ ደረጃ አይደለም። ግን ሐጂ የጠየቁኝ ስለ እፍኟ ብቻ ስላልነበር ሳልነካው አላልፍም።

ባቲን ያስቡ። ሰኞ ሰኞ ደገኛው እህል ይዞ ይወርዳል፣ አፋሩ ግመልና ፍየል ይዞ ይወጣል፣ ኦሮሞውና አማራው ይገናኛሉ፤ አንዱ የሌለውን ሌላው ያመጣል። ገበያው ለዘመናት የቆመው ዕቃዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ነው። የአፍሪካ አገሮች ችግር እዚህ ላይ ነው፦ አብዛኞቻችን ቡና፣ ከብት፣ ጥራጥሬና ማዕድን ያልተሠራ እንዳለ እንልካለን። እርስ በርስ የምንገበያየው ከአጠቃላይ ንግዳችን 15 በመቶ አካባቢ ብቻ የሆነው በቀረጥ ምክንያት ብቻ አይደለም። መንገዱም፣ ክፍያውም፣ የምናመርተው ነገር መመሳሰሉም አለበት።

ቀረጥ ሲነሣ ማን ይጎዳል? ክር በሚገዛ የኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ እንየው። ከእስያ የሚመጣው ክር 100 ብር ነው፣ 30 በመቶ ቀረጥ ሲጨመር 130 ይሆናል። ከቀጣናው አገር የሚመጣው ደግሞ 110 ነው እንበል። ለቀጣናው ቀረጡ ሲነሣ ሰፊው 110 ከፍሎ የጎረቤቱን ይገዛል፤ 20 ብር አተረፈ። መንግሥት ግን ከእስያው ክር ያገኝ የነበረውን 30 ብር አጣ። አገር በጠቅላላው 10 ብር ከሰረች ማለት ነው፤ ውድ ከሆነው አምራች ስለገዛች። አሁን ምሳሌውን ገልብጡት፦ የጎረቤቱ ክር እዚሁ በውድ የሚሠራውን ተክቶ ሰፊው ብዙ ልብስ እንዲሠራ ቢያስችለው፣ አገር ታተርፋለች። ስለዚህ «ማኅበር መግባት ይጠቅማል» ወይም «ይጎዳል» ብሎ በደፈናው መፍረድ አይቻልም፤ የሚታየው በየዕቃው ነው።

ኢትዮጵያ የኮሜሳን ነፃ ቀጣና ደጅ ላይ ቆማ የዘገየችበትም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ድሃ አገር ግብር የሚቀልላት ኬላ ላይ መሰብሰብ ነው፤ ኬላውን ስታነሣ ያንን ገቢ በሌላ መተካት አለባት። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ሆነ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ከግብፅ ወይም ከኬንያ ፋብሪካ ጋር በእኩል ሜዳ ሲጋጠሙ ምን ይሆናሉ የሚለው ስጋት እውነተኛ ስጋት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ለአንድ አገር ገበያ ብቻ የሚሠራ ፋብሪካ ማሽኑን ግማሽ ቀን እያቆመ ነው የሚኖረው። እኔ በበኩሌ በሩ ቢከፈት ይሻላል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ግን በዝግታ፣ ገቢውና ፋብሪካው እስኪዘጋጁ ጊዜ ተሰጥቶ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሦስተኛው ሁኔታ ነው፦ በሩ ተከፍቶ የእነሱ ዕቃ ሲገባ፣ የእኛ ነጋዴ ወረቀቱን ባለማወቁ ከቤቱ ሳይወጣ ሲቀር።

ደረጃ 4፦ ዕቃው የእኛ መሆኑን ማስመስከር

ቅናሹ ለላኪው አገር ስለሆነ፣ ሰው ከሌላ ቦታ አምጥቶ በእኛ ስም እንዳያሳልፍ የስሪት አገር ደንብ አለ።

ለእህልና ለከብት ቀላል ነው። እዚህ ተዘርቶ እዚህ የታጨደ፣ እዚህ ተወልዶ እዚህ ያደገ «ሙሉ በሙሉ የተገኘ» ይባላል፤ የቃሉ ማሾም እንዲሁ። ጥንቃቄ የሚያሻው ከብት ላይ ነው፤ ከድንበር ማዶ የመጣ ግመል ባቲ ገበያ ላይ ስለተሸጠ የኢትዮጵያ አይሆንም።

ለተሠራ ዕቃ ሒሳብ አለው። በኮሜሳ ደንብ ከሚከተሉት አንዱን ማሟላት ይበቃል፦ ከቀጣናው ውጪ የመጣው ጥሬ ዕቃ ከጠቅላላ የጥሬ ዕቃ ወጪው ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ወይም የተጨመረው እሴት ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ካለው ወጪ ቢያንስ 35 በመቶ እንዲሆን፣ ወይም ዕቃው ተሠርቶ የታሪፍ ምድቡ እንዲለወጥ። አንድ የሥራ ልብስ ከፋብሪካ ሲወጣ 1,000 ብር ወጪ አለው እንበል። ጥሬ ዕቃው 620 ብር ነው፣ ከዚህ ውስጥ 500ው ከቻይና የመጣ ጨርቅ። 500 ለ620 ሲካፈል 81 በመቶ ያህል ይሆናል፤ በመጀመሪያው መለኪያ ወደቀ። ግን ከ1,000 ላይ ከውጪ የመጣውን 500 ሲቀንሱ የቀረው እሴት 50 በመቶ ነው፤ በሁለተኛው አለፈ። በምትኩ ግብፅ ውስጥ የተሠራ ጨርቅ ቢገዙ ደግሞ ግብፅ የኮሜሳ አባል ስለሆነች እንደ ቀጣናው ጥሬ ዕቃ ይቆጠርልዎታል። በአህጉራዊው ቀጣና ደንቡ በየዕቃው የተለያየ ነው፤ የልብስና የጨርቃ ጨርቅ ደንብ ለብዙ ጊዜ ሲያከራክር ከቆዩት አንዱ ስለሆነ ልብስ ላኪ በታሪፍ ቁጥሩ የወጣውን ደንብ ሳያነብ አይፈርም።

ለትንንሽ ላኪዎች አንድ መልካም ነገር አለ። በአህጉራዊው ስምምነት የጭነቱ ዋጋ ከ5,000 ዶላር ካልበለጠ ላኪው ራሱ በደረሰኙ ላይ የስሪት አገር መግለጫ ጽፎ መፈረም ይችላል። የሐይቅ ማር ጥቂት ካርቶን ለሚሞክር የወጣቶች ማኅበር ይህ ትልቅ በር ነው። ከዚያ በላይ ለሆነ ጭነት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ጥያቄዎን ኮምቦልቻ ካለው የጉምሩክ ቅርንጫፍ ይጀምሩ።

ማስረጃውን የሚሰበስቡት ግን ከቢሮ ሳይሆን ከማሳው ነው። ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ማኅበር፣ በስንት ኩንታል፣ በየትኛው ቀን እንደገዙ የሚያሳይ ደብተር ይያዙ። የግዢ ደረሰኙን ከደብተሩ ጋር ይስፉት። ሲጠየቁ የሚያድንዎ ያ ደብተር ነው።

ደረጃ 5፦ ወረቀቶቹን አንድ ማድረግ

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለዚህ ደረጃ ነው። መኪናው ከተጫነ በኋላ ወረቀት መፈለግ ለኪራይም ለነቀዝም መክፈል ነው።

የሚያስፈልጉት በጥቅሉ እነዚህ ናቸው፦ የላኪነት ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ከገዢው ጋር የተፈረመና የተመዘገበ የሽያጭ ውል፣ የባንክ ፈቃድ፣ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የሚሰጥ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት (ለቁም ከብት የእንስሳት ጤና)፣ የዋጋ ደረሰኝና የአስተሻሸግ ዝርዝር፣ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት፣ ከዚያም ትራንዚተሩ የሚሞላው ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ ማስታወቂያ)። ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚገበያዩ ሰብሎች አንዱ በመሆኑ ከየት ገዝተው እንደሚልኩ ደንቡን አስቀድመው ይጠይቁ። ክፍያው በኤል ሲ (የገዢው ባንክ ዋስ በሚሆንበት)፣ በካድ (ገዢው ሰነዱ ሲደርስ በሚከፍልበት) ወይስ በቅድሚያ እንደሆነ ውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር፤ ለማያውቁት ገዢ ካድ አይግቡ።

የዕፅዋት ጤና ወረቀቱን ሰው ቀላል ያደርገዋል። ማሾን የሚበላው ነቀዝ ዕንቁላሉን ፍሬው ላይ ይጥላል፤ ዛሬ ንጹሕ የሚመስል ጆንያ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዱቄት ይሆናል። አንድ ፍሬ ወደ ብርሃን አዙረው ይዩት፤ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ካለችበት ያ ዕንቁላል ነው። ነቀዙን የሚገድለውን ጭስ በባለሙያ አስደርገው፣ ይህ የተደረገበትን ማስረጃ ይዘው፣ ከዚያ ያስመርምሩ።

አሁን እኔን ያጋጠመኝን ልንገርዎ። አንድ የገበሬዎች ማኅበርን በወረቀት ሥራ ስረዳ ጭነቱ መንገድ ላይ ሦስት ቀን ቆመ። ጥራቱ ላይ ችግር አልነበረም፣ ሚዛኑም ልክ ነበር። የማኅበሩ ኃላፊ ስም «ሙሐመድ» ነው። በንግድ ፈቃዱ ላይ በላቲን ፊደል በአንድ አጻጻፍ ተጽፏል፣ በውሉ ላይ በሌላ፣ በስሪት አገር ወረቀቱ ላይ በሦስተኛ። በአማርኛ አንድ ሰው ነው፤ ወረቀቱን ለሚያነበው ሰው ግን ሦስት ሰው ሆነ። ሙሐመድ፣ ሰይድ፣ ይማም፣ ሑሴን በሞላበት በወሎ ይህ በየቀኑ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ የማደርገው አንድ ነገር አለ፦ ከሁሉ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የድርጅቱን ስም፣ የኃላፊውን ስም፣ የዕቃውን ስም፣ የታሪፍ ቁጥሩን፣ የተጣራና ያልተጣራ ክብደቱን፣ የጆንያውን ቁጥር በላቲን ፊደል እጽፋለሁ፤ ለባንኩም፣ ለትራንዚተሩም፣ ለገዢውም ያንኑ ቅጂ እሰጣለሁ። ማንም በራሱ አጻጻፍ እንዳይጽፍ።

ደረጃ 6፦ መንገዱ

እስከ 1990 ዓ.ም. ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ ከተማ ነበረች፤ ሾፌሮቹ የሚያድሩባት፣ ጎማ የሚለወጥባት። ዛሬ ያው መንገድ በባቲ ወርዶ ሚሌ ይደርስና ወደ ሰመራና ጋላፊ ያቀናል፤ ጅቡቲ ያደርሳል። የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ወሎ ደግሞ መሐል አገር ካለው ይልቅ ለወደቡ ትቀርባለች። ይህን ቅርበት ዋጋ ሲደራደሩ ይጠቀሙበት።

ወደ ጎረቤት አገር የሚሻገር መኪና የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ይያዝ። ከአገር ውስጥ መድን ድርጅት የሚገዛ፣ በሌላው አባል አገር በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሠራ መድን ነው፤ ከኮሜሳ ጥቅሞች ሁሉ ሾፌሮቻችን በደንብ የሚያውቁት ይህ ይመስለኛል።

የጉዞ ደንብም አለ፦ ቅናሹን ለማግኘት ዕቃው ከላኪው ወደ ተቀባዩ አገር በቀጥታ መሄድ አለበት። በሦስተኛ አገር በጉምሩክ ጥበቃ ሥር ማለፍ ይፈቀዳል። ዱባይ ላሉ ደላላ ተሽጦ፣ እዚያ ጆንያው ተቀይሮ፣ ከዚያ ወደ አፍሪካ የተመለሰ ማሾ ግን የወሎነቱ ማስረጃ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ደረጃ 7፦ ሲገዙም መጠየቅ

ዛሬውኑ በእጅ ያለ፣ ግን ብዙ አስመጪ የሚያልፈው ጥቅም ይሄ ነው። ከኮሜሳ አባል አገር ማሽን፣ መለዋወጫ፣ ጨርቅ ወይም ማሸጊያ የሚያመጡ ከሆነ ሻጩን ገና ሲዋዋሉ የኮሜሳ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት ይጠይቁ። ቅናሹ 10 በመቶ ነው ሲባል ከቀረጡ ላይ ነው፤ 30 በመቶ የነበረው 27 በመቶ ይሆናል እንጂ 20 አይሆንም። እዚህ እስኪደርስ 1,000,000 ብር ለወጣበት ዕቃ 300,000 የነበረው ቀረጥ 270,000 ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ቀረጡ ተጨምሮበት ስለሚሰላ እሱም ዝቅ ይላል። ደሴ ውስጥ አንድ ዳቦ ቤት ወይም አንድ የልብስ ስፌት ማኅበር ለ30,000 ብር ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም። ወረቀቱ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ዲክላራሲዮኑ ሲሞላ መቅረብ አለበት።

ደረጃ 8፦ ሲከለከሉ ማመልከት፣ ፋይሉን ማቆየት

ወረቀትዎ ሙሉ ሆኖ ኬላ ላይ ምክንያት በሌለው ክፍያ ወይም ፍተሻ ከተያዙ ዝም ብለው አይመለሱ። ኮሜሳም አህጉራዊው ቀጣናም ከቀረጥ ውጪ ያሉ መሰናክሎች የሚመዘገቡበት የኢንተርኔት ሥርዓት አላቸው፤ ነጋዴው ራሱ ማመልከት ይችላል፣ ጉዳዩ ለሁለቱ አገሮች ተወካዮች ይደርሳል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የኬላውን ስም፣ የተጠየቁትን ገንዘብና የተሰጠዎትን ደረሰኝ ይመዝግቡ። ደረሰኝ ካልሰጡ «ደረሰኝ አልተሰጠም» ብለው ይጻፉ።

የስሪት አገር ወረቀት ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በአህጉራዊው ሥርዓት ለ12 ወር ያገለግላል። የገዢው አገር ጉምሩክ ግን ከዚያ በኋላም ማጣራት ሊጠይቅ ስለሚችል ማስረጃው ለአምስት ዓመት መቀመጥ አለበት። ሐጂ መጋዘን በመጨረሻ ስሄድ ከሚዛኑ በላይ አንድ የእንጨት መደርደሪያ ተሠርቶ ነበር። በየዓመቱ አንድ ሳጥን፣ በየሳጥኑ ላይ ዓመተ ምሕረቱና የተገዛበት ቀበሌ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። ከላይኛው ሳጥን ውስጥ በትንሽ ፌስታል የታሠረ አንድ እፍኝ ማሾ ነበር፤ የዚያ ዓመት ጭነት ናሙና፣ ገዢው ጥራቱን ቢከራከር ከውሉ ጋር የሚቀርብ።